ጋሽ መኩሪያ ፓንቹን የደፉ ዕለት

የጋሽ መኩሪያን ማረፍ ያረዳኝ ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ነው። በጠዋት ትራፊክ ከወንዙ ማዶ ከአሌክሳንድሪያ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ነድቶ መጥቶ፣ የምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሳየው ደነገጥኩ፤ እኔ ደግሞ ስደነግጥ እቆጣለሁ። «ስልክ የለህም እንዴ? ዛሬ ሥራ የለህም?» ብዬ ጮህኩበት። «ይሄ በስልክ አይነገርም» አለኝና ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አልታመሙም፣ አልተሰቃዩም። የነገውን ሸሚዝ ተኩሰው ወንበር ላይ አንጠልጥለው ተኙ፤ በዚያው ቀሩ።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ማለት ልማዳችን ነው፤ ክፉውንም ደግ እንላለን። ስለዚህ እኔ ደግ ነበሩ ብዬ አልጀምርም። ጋሽ መኩሪያ ሲነዱ ያናድዱ ነበር። ቤልትዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ በቀኝ መስመር፣ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያሉ ነው የሚነዱት፤ የትም ቦታ አርፍደው ደርሰው የወንዙን ድልድይ ትራፊክ ይወቅሳሉ። ካልሲ ሳይቀር ይተኩሳሉ። ሰው ቤት ገብተው ብርጭቆ በደንብ ካልታጠበ ዝም ብለው ተነስተው እንደገና ያጥቡታል፤ የቤቱ እመቤት ብታፍር ባታፍር ጉዳያቸው አይደለም። አንድ ጊዜ የኔንም አጥበውብኛልና ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ።

ዘመዳችን አይደሉም። ባለቤታቸው፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ነበረች። እሷ ስታልፍ እናቴ «መኩሪያ ብቻውን በዓል አያሳልፍም» ብላ ጠራቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከኛ ቤት የቀሩበት በዓል የለም። ወጣት ሳሉ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ምግብ ቤቶች ውስጥ ሠርተዋል፤ ኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ትልቅ ሆቴል ገብተው ሃያ ስድስት ዓመት የግብዣ አዳራሽ ባርቴንደር ነበሩ። የስንቱን ሠርግ፣ የስንቱን ሹመት መጠጥ ቀድተዋል። ራሳቸው ግን እሑድ እሑድ አንዲት ቢራ ጠጥተው ያበቃሉ።

መጠጥ ሲሠሩ ማየት ነበር። ነጭ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ሁለት ማንኪያ ይይዛሉ፤ በአንደኛው ይጨልፉና ሁለተኛው ላይ ገልብጠው ይቀምሳሉ፤ አፍ የነካው ማንኪያ ተመልሶ ዕቃው ውስጥ አይገባም። ከቀመሱ በኋላ ጣሪያውን ያያሉ። ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ እንጃ! እስከዚያ ድረስ ማንም ማውራት የለበትም። ከዚያ «ይቀረዋል» ይላሉ። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይቀረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከስድስት ዓመት በፊት በሐምሌና በነሐሴ ዮናስ መጠጥ የሚያስተዉበት ቦታ ሁለት ወር ተኝቶ ወጣ። እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት። እማዬን ለሥራ ቴክሳስ ሄዷል ብለናት ነበር። «እማዬ ከምታውቅ ብሞት ይሻለኛል» ብሎኛል፤ እኔም ማልኩለት። ሐኪሙ ደግሞ ነገሩን አላድበሰበሰም፤ አንዲት ብርጭቆ ከጠጣ የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ነው ብሎናል።

እንግዲህ የኛን ቤት በዓል የሚያውቅ ያውቀዋል። አልጠጣም ማለት የት ይቻላል? መጀመሪያ እንቢ ማለት ወግ ነው፤ ሁለተኛው እንቢታ ለጋባዡ ክብር ነው፤ በሦስተኛው «በሞቴ!» ይመጣል። እናቴ እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ በዚህ አትቻልም። ብርጭቆ ይዛ ጉልበትህ ላይ ልትወድቅ ትደርሳለች። አጎታችን ጋሽ ደምሴ ይብሳሉ፤ እሳቸው ሳይጠይቁ ነው የሚሞሉት። አልጠጣም ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ሃይማኖት ለውጧል፤ ሌላ ምክንያት አይታወቅም።

በመስከረም ጌይተርስበርግ የዘመድ ክርስትና ነበረና ሄድን። ዮናስ ከጋሽ ደምሴ አጠገብ ተቀመጠ፤ ቢራ ተቀዳለት። እኔ ከሩቅ ሆኜ አየዋለሁ። ጋሽ መኩሪያ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ሠናይት፣ ያ ልጅ ሦስቴ ሽንት ቤት ገባ» አሉኝ።

«ቢራ ያመላልሳል፤ ደግሞ እርስዎ የሰው ሽንት መቁጠር ጀመሩ?»

«ቢራ የሚያመላልሰው የጠጣውን ነው። ይሄ ልጅ አልጠጣም። ሙሉ ይዞ ይገባል፣ ባዶ ይዞ ይወጣል፤ ከንፈሩ ግን ደረቅ ነው። እጅ መታጠቢያው ሲንክ ውስጥ እየደፋው ነው። ደምሴ ደግሞ ባዶ ባየ ቁጥር ይሞላል።»

እንባዬ ቀደመኝ። ኪሳቸው ውስጥ የታጠፈ ናፕኪን አይጠፋም፤ አውጥተው ሰጡኝ። «ምንም አልጠየቅኩሽም፤ አትንገሪኝ» አሉ። «መጠጥ የሚወድ እጅና መጠጥ የሚሸሽ እጅ ብርጭቆ ሲይዝ ይለያያል። ሃያ ስድስት ዓመት ስቀዳ ያየሁት እጅ ነው። ግን አራተኛውን አይደፋውም፤ ደክሞታል።» ይህን ብለው ሄዱና ዮናስን «መኪናዬ አልነሳ አለኝ፣ ና ግፋልኝ» ብለው ይዘውት ወጡ። መኪናዋ ደህና ነበረች። አንድ ሰዓት ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ቆዩ።

በሳምንቱ ኮል አደረጉልኝ። «ብቻውን ኮካ የያዘ ሰው ይጠየቃል» አሉኝ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ከያዘ ግን ማን ማንን ይጠይቃል? ሆቴል ለትልልቅ ሰዎች አልኮል የሌለው ፓንች፣ የጭማቂ ቅልቅል፣ እንሠራ ነበር፤ የሚጠጣውም የማይጠጣውም እኩል ይሰለፍበታል። ለናንተ ቤት የሚሆን እሠራለሁ። ኪችንሽን አዘጋጂ።»

አራት ቅዳሜ እኔ ቤት ሞከሩ። ከርከዴ ቀቀሉ፤ ሻይ አወፍረው አፈሉ፤ ዝንጅብል ወቀጡ፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨመሩ፤ የብርቱካን ልጣጭ በቢላ እንደ ክር አወጡ። የመጀመሪያውን ስቀምሰው ጣፈጠኝና «ግሩም ነው!» አልኩ። «ለዚህ ነው አንቺን የማልጠይቅሽ» አሉኝ። «ጣፋጭ ብቻ ከሆነ የልጆች ልደት ነው። ትልቅ ሰው ሲጠጣ ትንሽ ፊቱ ኮስተር ማለት አለበት፤ ያኔ የረባ ነገር የጠጣ ይመስለዋል።» በአራተኛው ቅዳሜ ጣሪያውን አይተው ብዙ ከቆዩ በኋላ «ብዙም አይቀረውም» አሉ። ያቺን ቃል ከሳቸው አፍ ያገኘ ሰው ብዙ አይመስለኝም።

በኅዳር፣ ለታንክስጊቪንግ በዓል፣ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ የመስታወት ቦል መኪናቸው የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ አስረውለት እማዬ ቤት ይዘው መጡ። በረዶና ብርቱካን ሲንሳፈፍበት፣ ጋዝ ያለው ውኃ ሲንሿሿበት፣ ልጆቹ «ኦ ማይ ጋድ!» እያሉ ከበቡት። ጋሽ መኩሪያ ጭልፋውን ይዘው በሆቴል ወጋቸው ቆመው ለሁሉም ቀዱ። ዮናስ እንደ ሁሉም ያዘ፤ እንደ ሁሉም ጠጣ፤ ማንም አላየውም። በዚያ ቤት ሰው ሆኖ ሲስቅ ሳየው በደስታ አንጀቴ ራሰ። ጋሽ ደምሴ ብቻ ሁለት ብርጭቆ ጨልጠው «ስንት ፐርሰንት ነው?» ብለው ጠየቁ። «እንደ ጠጪው ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «እኔንስ አልያዘኝም፤ ውኃ ውኃ ይላል» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ይህች «ውኃ ውኃ ይላል» የምትባል ነገር ጋሽ መኩሪያን ገብታ ከነከነቻቸው። ባለሙያ አይደሉ? ለገና ምሬት ልጨምርበት ብለው ጌሾ አሰቡ። ማር በውኃ በጥብጠው፣ ጌሾ ቀቅለው አጥልለው፣ ሁለቱን አዋህደው ብርድ ላይ ቢያስቀምጡት የጠጅን መዓዛ ይይዛል እንጂ ጠጅ አይሆንም፤ ብርዝ ነው። በበዓሉ ዕለት ከከርከዴውና ከዝንጅብሉ ጋር ይቀላቀላል። የኛ ሰው ገና የሚያከብረው ሥራ በሌለበት ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ብርዙን በሁለት ትልልቅ ማሰሮ አድርገው እማዬ ቤት ባልኮኒ ላይ አስቀመጡት። ከርከዴውንና ሌላውን ፍሪጅ ውስጥ ከተቱ። «እትዬ፣ ይሄ እንዳይነካ፤ ብርድ ላይ ይቆይ» አሉና ሄዱ። ለምን ብርድ ላይ እንደሚቆይ ግን አልነገሯትም። እንዴት ይንገሯት? ብለው ብለው ወደ ዮናስ ሊደርሱ ነው።

እማዬ ማሰሮውን ከፈተች። ማርና ጌሾ አየች። ጠጅ ስትጥል ያደገች ሴት ናት፤ ማርና ጌሾ ታኅሣሥ ብርድ ላይ ተጥሎ ስታይ አንጀቷ እንዴት ይችላል? «ወንድ ጠጅ ሲጥል እንዲህ ነው!» ብላ አዘነችላቸው። ማሰሮዎቹን ወደ ቤት አስገብታ በጋቢ ጠቀለለቻቸው፤ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ቶሎ እንዲደርስም ከራሷ ጠጅ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ለጥንስስ ጨመረችበት። ለማንም አልተናገረችም፤ የሰውዬውን ስም ላድን ብላ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ መኩሪያ እንደ ልማዳቸው አረፈዱ። እንግዳው ሞላ። እማዬ እሳቸውን ከመጠበቅ ብላ ማሰሮውን ከከርከዴውና ከዝንጅብሉ ጋር ቦሉ ውስጥ ገልብጣ፣ ራሷ መቅዳት ጀመረች። ጋሽ ደምሴ በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ «ዛሬ ገና መኩሪያ ሰው ሆነ!» እያሉ ነው። እኔ ድስት ላይ ነኝ፤ ምን አውቄ! ዮናስ «ከዚያ ቦል ያለ ስጋት ጠጣ» ተብሎ የለ? እማዬ ሞልታ ይዛለት «ለልጄ! በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት በልልኝ!» ስትል ከጓዳ ይሰማኛል።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ መኩሪያ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቆሙ፤ አሸተቱ። ያን ጊዜ ነው ከድስቱ ቀና ብዬ ወደ ሳሎን ያየሁት። ዮናስ ብርጭቆውን ወደ አፉ እያስጠጋ ነው። እኚያ ቀስ ብለው የሚነዱ፣ ቀስ ብለው የሚያወሩ ሰውዬ ሳሎኑን በሦስት እርምጃ አቋርጠው ብርጭቆውን ከእጁ መነጨቁት። ከዚያ ቦሉን በሁለት እጃቸው አንስተው ኪችን ገቡና ሲንኩ ውስጥ ደፉት። ሁሉንም! ብርቱካኑ ብቻ ቀረ።

በበዓል ቀን፣ በሰው ቤት፣ ለእንግዳ የቀረበ መጠጥ!

«የኔ ጥፋት ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ ወደ ሰዉ ዞረው። «ዝንጅብሉ ሻግቷል፤ ሆዳችሁን ያማችኋል። አላየሁትም ነበር፤ ይቅርታ።»

«ምኑ ነው የሻገተው? ቀምሼዋለሁ እኮ፣ ማር ነው!» አለች እማዬ ፊቷ ቀልቶ። «በቤቴ፣ በገና ቀን፣ መኩሪያ?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«ያን የመሰለ ጠጅ!» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ልቅሶ ቤት የተቀመጡ ነው የሚመስሉት።

እማዬ ተከትላኝ ኪችን ገባችና ጋቢውን፣ ማሞቂያውን፣ ጥንስሱን ሁሉ በሹክሹክታ ዘረገፈችው። «ስንት ለፍቼበት!» ብላ አለቀሰች። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ልነግራት ስል፣ ከኋላዋ በሩ ላይ ሆነው የሰሙት ጋሽ መኩሪያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እሷ ስትወጣ «እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «ልጇን የሚጎዳውን በገዛ እጇ እንደጠመቀች አውቃ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? የልጁም ነገር የልጁ ነው፤ ሲፈልግ ራሱ ይናገር። እኔን ሽማግሌውን ቢስቁብኝ ምን እሆናለሁ?» ከዚያ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከሻይ፣ ከልጆቹ የፖም ጭማቂና ከተረፈው ብርቱካን በግማሽ ሰዓት ሌላ ፓንች ሠሩ። ሰዉ እያኮረፈ ጠጣው። ዮናስም ጠጣ።

እማዬ እስከ ፋሲካ አላናገረቻቸውም። በየእሑዱ ይደውላሉ፤ አታነሳም። ለፋሲካ ቦሉን ቀበቶ አስረው፣ ሳይጠሩ መጡ። በሩን ከፍታ ብዙ ካየቻቸው በኋላ «አሁን ደግሞ የት ልትደፋው ነው?» አለች። ሳቁ፤ ሳቀች፤ ታረቁ። ታሪኩ ግን በዚያ አልቀረም፤ የቤተሰቡ መሳቂያ ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፓንች በቀረበ ቁጥር ጋሽ ደምሴ «ሲንኩን ዝጉ፣ መኩሪያ መጣ!» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እማዬ ከሁሉ በላይ ትስቃለች። የዮናስና የኔ ሳቅ ብቻ ከጥርስ አያልፍም። ጋሽ መኩሪያ ፎጣቸውን እያስተካከሉ «እውነታቸውን ነው፣ አበላሽቼ ነበር» ይላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት በሙያው የተከበረ ሰው «አበላሽቼ ነበር» ሲል እኔ ልፈነዳ እደርሳለሁ። ለምን እንደሚችሉት አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ልጁ መጠጥ ካቆመ ስንት ዓመት ሞላው?» አሉኝ። «አራት» አልኩ። «ታዲያ!» ብለው ብርጭቆ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

አርባቸው የወጣው አሌክሳንድሪያ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ከተበላ በኋላ ሰው ስለሳቸው የሚያስታውሰውን ሲያወራ ጋሽ ደምሴ ተነሱ። መቼም ይወዷቸው ነበር፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ያንኑ ታሪክ ጀመሩ፤ ሽታውን፣ ካፖርቱን፣ ሲንኩን። አዳራሹ በሐዘን መሃል በሳቅ ተሞላ። «ነፍሱን ይማረው፤ ፓንች ግን አይችልበትም ነበር» ብለው ጨረሱ።

ዮናስ ተነሣ።

«ይቅርታ፣ ጋሽ ደምሴ፤ ይችሉበት ነበር። ያን ቀን የደፉት ለኔ ብለው ነው። እኔ መጠጥ ገድሎኝ ነበር። ቴክሳስ አልሄድኩም፤ የታከምኩት እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ያን ቀን ጠጅ እንደሆነ ሳሸትተው አውቄያለሁ። አውቄም ልጠጣው ነበር፤ እማዬ በሞቴ ብላኛለች፣ ደግሞም አምሮኝ ነበር። እሳቸው ባይነጥቁኝ ዛሬ እዚህ አልቆምም። ስድስት ዓመት ስትስቁባቸው ዝም አልኩ። ይህንን በሕይወት ሳሉ ማለት ነበረብኝ።» ተቀመጠ።

እማዬ አጠገቤ ናት። ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል፣ «ጥንስሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች። «በሞቴ ያልኩትም እኔ።»

«አላወቅሽም፣ እማዬ።»

«መኩሪያ ያውቅ ነበር? የኔን ነገር?»

«ያውቁ ነበር» አልኳት።

«ስድስት ዓመት ስስቅበት!» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ዮናስ መጥቶ እግሯ ሥር ተቀመጠ፤ ራሱን ይዛ ስሙን እየጠራች አለቀሰች። ልጇ የዳነላት እናት ልቅሶ ነው፤ ሐዘንም ደስታም አለበት። እኔም የስድስት ዓመት ሸክሜን አወረድኩ፤ ቀለለኝ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ፓንቹን ዮናስ ሠራ፤ ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በሁለት ማንኪያ እየቀመሰ። ጠረጴዛው ላይ ቦሉ አለ፣ የእማዬ ጠጅም አለ። እማዬ በየእንግዳው ፊት እየቆመች «ምን ይሰጥህ?» ትላለች። ጋሽ ደምሴ ጋ ደረሰች።

«አይ፣ ይቅርብኝ እትዬ» አሉ እንደ ወጉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«እሺ» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ጋሽ ደምሴ ደርቀው ቀሩ። ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠብቃሉ፤ የለም። «በሞቴ»ን ይጠብቃሉ፤ የለም። ሰው ሁሉ ሲጠጣ ባዶ እጃቸውን ይዘው ቆዩና ወደኔ ጠጋ ብለው «ሠናይት፣ እናትሽ ተቀይማኛለች እንዴ?» አሉኝ።

«አልተቀየመችዎትም። ጠየቀችዎት፤ አልፈልግም አሉ።»

ወደ ዮናስ አዩ፤ ከልጆቹ ጋር ቆሞ እየሳቀ ነው። ብዙ ካሰቡ በኋላ በሰባ ሁለት ዓመታቸው እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«እትዬ ጥሩወርቅ! ኧረ እፈልጋለሁ!»

«ምኑን ላምጣልህ?»

«ዮናስ የሚጠጣውን።»